ሽቦው የቀደመው መንገድ

ከአዘዞ ተነሥቶ በአይከል በኩል ወደ መተማ ቆላ የሚወርድ መንገደኛ ብቻውን አይወርድም። ባለ 230 ኪሎ ቮልት የኤሌክትሪክ ማስተላለፊያ መስመርም ወደዚያው ይወርዳል፤ ጋራ ሲጋርደው እየጠፋ፣ ሜዳ ላይ እንደገና ብቅ እያለ። መነሻው ባሕር ዳር ነው። ጎንደርንና ገንዳ ውሃን ነክቶ፣ መተማ ላይ ድንበሩን ተሻግሮ፣ የምሥራቅ ሱዳንን ሜዳ ሰንጥቆ ገዳሪፍ ይገባል። የዓለም ባንክ 41 ሚሊዮን ዶላር ያህል መድቦለት የተሠራው ይህ መስመር በ2005 ዓ.ም. ለሱዳን እስከ 100 ሜጋ ዋት የሚደርስ ኃይል መላክ ጀመረ።

ከምሰሶዎቹ ሥር ያለውን ደግሞ እንመልከት። ተሳቢው፣ ሲኖ ትራኩ፣ ኤፍ.ኤስ.አሩ፣ ሰሊጥ የጫነውም ማሽላ የጫነውም የሚያቃጥለው ናፍጣ ነው። ቀደም ባሉት ዓመታት ቤንዚን በዚሁ መንገድ ከሱዳን በቦቴ ይገባልን ነበር። ከካርቱም በስተሰሜን ያለው የጄይሊ ነዳጅ ማጣሪያ ግን በሱዳኑ ጦርነት ተቃጥሏል። አሁን ነዳጅ መተማ የሚደርሰው ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ፣ ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ነው፤ ቦቴው ራሱ ናፍጣ እየጠጣ ናፍጣ ያመላልሳል። ከወንዞቻችን የተገኘው ኃይል ከጭነት መኪናው ጣሪያ ጥቂት ሜትር ከፍ ብሎ ድንበር ይሻገራል። መኪናው ግን በውጭ ምንዛሪ የተገዛ ነዳጅ እያጨሰ ከሥሩ ይሄዳል።

ለጎረቤት ኃይል መሸጣችን ትክክል ነው፤ በዚያ ላይ ቅሬታ የለኝም። የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ሽቦው ገዳሪፍ ከደረሰ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖት፣ ከሥሩ ያለው መንገድ እስካሁን ከዚያ ሽቦ አንዲት ኪሎ ዋት አለመቅመሱ ነው። በውጭው ዓለም ደግሞ መኪና እየሄደ ሳለ፣ ሳይቆምና ገመድ ሳይሰካ፣ ከመንገዱ ኤሌክትሪክ የሚቀዳበት ዘዴ ከቤተ ሙከራ ወጥቶ አስፋልት ሥር ገብቷል። ይህ ዘዴ ለመተማና ለገዳሪፍ መንገድ ይበጃል ወይ? ብዙ ወጣት መሐንዲሶች ይህን ጥያቄ በጉጉት ያነሡታል። ጉጉታቸውን እጋራለሁ፤ የምደርስበት መልስ ግን ከእነሱ ይለያል።

በመጀመሪያ በጣም ቀላል ከሚመስለው ሐሳብ እንነሣ። ከዚያ ከፍ ብሎ ከተዘረጋው መስመር ኃይሉ ያለ ሽቦ ወርዶ መኪናውን ሊያንቀሳቅስ አይችልም? ጥያቄው የሞኝ አይደለም። ከፍተኛ ቮልቴጅ የተሸከመ ሽቦ ዙሪያውን የኤሌክትሪክ መስክ ይፈጥራል። እ.ኤ.አ. በ2004 ሪቻርድ ቦክስ የሚባል እንግሊዛዊ የሥነ ጥበብ ሰው ብሪስቶል አካባቢ፣ በ400 ኪሎ ቮልት መስመር ሥር፣ 1,301 የፍሎረሰንት አምፖሎችን እንደ ችግኝ መሬት ላይ ተክሎ ነበር። አንዱም አምፖል ከሽቦ ጋር አልተያያዘም። ሲመሽ ግን ሜዳው ሙሉ በራ። ታዲያ አንድ አምፖል ፈዘዝ ብሎ እንዲታይ የሚፈልገው ኃይል እጅግ ትንሽ ነው። አርባ ቶን የሚመዝን ተሳቢ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ግን ወደ 80 ኪሎ ዋት ያስፈልገዋል። ኃይልን በአየር ላይ በትኖ ከሩቅ መልቀም ኒኮላ ቴስላንም ያልተሳካለት ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1901 ኒው ዮርክ አጠገብ ሎንግ አይላንድ ላይ ግንብ ማቆም ጀመረ፤ ገንዘቡ አለቀ፤ ግንቡም በ1917 ፈረሰ።

የሠራው ዘዴ የተገኘው ከመራቅ ሳይሆን ከመቀራረብ ነው። ስልክን ያለ ገመድ የሚሞላ ሰሌዳ ያለው ሰው ነገሩን ቤቱ ቁጭ ብሎ ሊያየው ይችላል። ይህን ጽሑፍ ከመጀመሬ በፊት ስልኬን ሰሌዳው ላይ አስቀምጬ በጣቴ ቀስ እያልኩ ገፋሁት። መሐል ላይ ሳለ የባትሪው ምልክት በርቷል። አንድ ጣት ያህል ስገፋው ጀርባው መሞቅ ጀመረ፣ መሙላቱም ቀዘቀዘ። ሁለት ጣት ሲሞላ ጭራሽ አቆመ። ወደ ቦታው መልሼ በሁለቱ መካከል አንድ ወፍራም መጽሐፍ ሳስገባ ሰሌዳው ስልኩ መኖሩንም አላወቀ።

ምክንያቱ ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 ያገኘው ሕግ ነው። በአንድ ጥቅል ሽቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ እየተቀያየረ ሲመላለስ በዙሪያው የማግኔት መስክ ይፈጠራል፤ ያ መስክ አጠገቡ ባለ ሌላ ጥቅል ውስጥ ኤሌክትሪክ ይቀሰቅሳል። በየሰፈሩ ምሰሶ ላይ የተሰቀለው ትራንስፎርመር የሚሠራውም እንዲሁ ነው፤ ሁለቱ ጥቅሎች አይነካኩም። በመንገዱ ላይ ሲሆን አንደኛው ጥቅል ከአስፋልቱ ወለል ጥቂት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ይቀበራል፤ ሁለተኛው ከመኪናው ሆድ ሥር ይታሰራል። በመካከላቸው ሃያ ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ይኖራል። የቤታችን ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ጊዜ ሲመላለስ፣ በዚህ ጥቅል ውስጥ ያለው ወደ 85 ሺህ ጊዜ ይመላለሳል፤ ክፍተቱን ዘሎ በቂ ኃይል የሚያልፈው በዚህ ፍጥነት ነው። መኪናው ሲደርስ ከሥሩ ያለው ጥቅል ይበራል፣ ሲያልፍ ይጠፋል። ይህን የሚያደርገው በመንገዱ ዳር በተደረደሩ ሣጥኖች ውስጥ ያለው መሣሪያ ነው።

ደቡብ ኮሪያ በዚህ ቀዳሚ ናት። ካይስት የተባለው ተቋሟ እ.ኤ.አ. በ2009 ሙከራ ጀምሮ፣ በ2013 ጉሚ ከተማ ውስጥ አውቶቡሶችን በዚህ መንገድ አስኪዷል። ስዊድን በጎትላንድ ደሴት 1.6 ኪሎ ሜትር ያህል ሠርታ ጭነት መኪናና አውቶቡስ ሞክራበታለች። አሜሪካ ዲትሮይት ከተማ ውስጥ በኅዳር 2016 ዓ.ም. 400 ሜትር ያህል የሚሆን መንገድ ሥራ ጀመረ። ኢንዲያና ግዛት ውስጥ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከባድ ጭነት መኪና በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ እየሮጠ ኃይል እንዲቀዳ ማድረግ ችለዋል። ይህ የመጨረሻው ትልቅ ነገር ነው፤ ለተሳቢ አይሆንም ይባል የነበረውን አፍርሷል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። እነዚህን መንገዶች ሁሉ ደምረን ብንቀጥላቸው ከአዘዞ ተነሥተን አይከል አያደርሱንም። ለእያንዳንዷ ኪሎ ሜትርም ከሚሊዮን ዶላር በላይ ወጥቶባታል። ከጎንደር እስከ መተማ ዮሐንስ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከድንበሩ ማዶ ከጋላባት እስከ ገዳሪፍ ደግሞ በዶካ በኩል መቶ ሃምሳ ያህል።

ገንዘቡን ለጊዜው እንተወው። ገንዘብ ይገኝ እንበል። ከገንዘቡ በላይ የሚያስፈራኝ አፈሩ ነው።

ከመተማ ጀምሮ እስከ ገዳሪፍና ከዚያም ወዲያ የተዘረጋው ሜዳ ጥቁር ዋልካ ነው። ለሰሊጥና ለማሽላ እንዲህ ያለ መሬት የለም። እንግሊዞች በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ገዳሪፍ ላይ የትራክተር እርሻ ያስጀመሩት፣ እስከ ዛሬም ከጎንደርና ከጎጃም ደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ በየዓመቱ ለአረምና ለአጨዳ ወደዚያ የሚጎርፈው በዚህ አፈር ምክንያት ነው። ለመንገድ ሠሪ ግን ዋልካ ጠላት ነው። በሚያዝያና በግንቦት ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ውስጥ እጅ ቢሰደድ እስከ ክርን ይገባል፣ ወድቆ የገባ ቁልፍ አይወጣም። ሐምሌ ላይ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ ከጫማ ሥር ተጣብቆ እግር ያስከብዳል። መሬቱ በዓመት አንድ ጊዜ ተነሥቶ አንድ ጊዜ ይተኛል ማለት ነው። በላዩ የተነጠፈ አስፋልትም አብሮ ይነሣል፣ አብሮ ይተኛል። በዚያ ሜዳ ላይ የሚነዳ ሾፌር መሪውን ይዞ እንደ ጀልባ የሚወዛወዘው ለዚህ ነው።

እንግዲህ በዚህ አስፋልት ውስጥ የመዳብ ጥቅል እንቅበር። ስልኬ ሁለት ጣት ሲገፋ መሙላት ማቆሙን እናስታውስ። መሬቱ ሲያብጥ ጥቅሉ ይጣመማል፣ ሲሰነጠቅ ሽቦው ይሳባል፣ በስንጥቁ ውሃ ይገባል። የቆላው ሙቀት ጥላ ሥር ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ጥቁሩ አስፋልት ከዚያ በብዙ ይግላል፤ በመንገዱ ዳር ያለው የኤሌክትሮኒክስ ሣጥን ደግሞ ማቀዝቀዣ ይጠይቃል። ይህንን አስፋልት ቆፍሮ ጥቅሉን ለማደስ ስንት ጊዜ መንገዱ ሊዘጋ ነው? መዳብ ዋጋ ያለው ብረት መሆኑንም የምንረሳው አይደለም። የማስተላለፊያ ምሰሶ ብረት ሳይቀር እየተፈታ በሚሰረቅበት አገር፣ ከመሬት ጥቂት ጣት ዝቅ ብሎ የተቀበረ መዳብ ጥበቃ ይፈልጋል።

ስለዚህ በግልጽ ልበለው፤ ለዚህ መንገድ ከአስፋልት ሥር የሚቀበር ሽቦ አይበጅም። የሚበጀው ቦታ ሌላ ነው። መንገዱ አጭር፣ መኪናው ብዙ፣ መስመሩ የማይለወጥ ከሆነ ዘዴው ዋጋ አለው፤ ለምሳሌ አዲስ አበባ ውስጥ የከተማ አውቶቡስ ከጠዋት እስከ ማታ በሚመላለስበት ተርሚናል ላይ፣ ሰው ሲያወርድና ሲጭን ከሥሩ ቢሞላ ሾፌሩ ገመድ መጎተት ባልኖረበት።

ይሁንና ሕልሙን ጥዬ ወደ ናፍጣው አልመለስም፤ ሒሳቡ አይፈቅድልኝም። በኤሌክትሪክ የሚሄድ ትልቅ ተሳቢ በአንድ ኪሎ ሜትር 1.3 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል። መቶ ተሳቢዎች በአንድ ጊዜ በዚህ መንገድ ላይ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ቢጓዙ የሚፈልጉት 8 ሜጋ ዋት ገደማ ነው። በላያቸው የሚያልፈው መስመር ሲጀምር ለሱዳን ከተመደበው 100 ሜጋ ዋት አንድ አሥረኛውን እንኳ አይሞላም። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ የተተከለለት አቅም 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ኃይል የለም ማለት አይቻልም። ያልተሠራው ከሽቦው ወደ ጎማው የሚያደርሰው የመጨረሻው እርምጃ ነው።

ሌላም ነገር አለ፤ ከዚህ መንገድ ጋር በተያያዘ ብዙ ሰው ያላነሣው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። መተማ ዮሐንስ ወደ 700 ዝቅ ትላለች። በመካከላቸው 1,400 ሜትር ቁልቁለት አለ። በነጋዴ ባሕር በኩል ጭኖ የሚወርድ መኪና ፍሬኑ ሲግል የሚሰጠውን የተቃጠለ ሽታ ያሸተተ ያውቀዋል። ያ ሽታ ወደ ሙቀት ተለውጦ የሚባክን ጉልበት ነው። አርባ ቶን በ1,400 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 150 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይሆናል። የኤሌክትሪክ መኪና ሲወርድ ሞተሩ ራሱ እንደ ጄኔሬተር እየሠራ መኪናውን ይይዛል፣ የያዘውንም ጉልበት ወደ ባትሪ ይመልሳል። ከዚያ ሁለት ሦስተኛው እንኳ ቢመለስ፣ ሜዳው ላይ ከሰባ ኪሎ ሜትር በላይ የሚያስኬድ ኃይል ነው። ቁልቁለቱ ለመኪናው ነዳጅ ማደያ ሆነ ማለት ነው፤ ያለ አንዲት ሽቦ።

ችግሩ በመልሱ ጉዞ ነው። የመተማ ሰሊጥ ወደ ጎንደር የሚወጣው ዳገቱን ተጭኖ ነው፤ ከሱዳን በኩል የሚመጣውም እንዲሁ። መኪናው ዳገቱን ከመያዙ በፊት ባትሪው ሙሉ መሆን አለበት። እንግዲህ መሙያ ጣቢያ የት ይተከል የሚለውን የሚወስነው የመሬቱ አቀማመጥ ነው፤ ከዳገቱ ግርጌ፣ ገንዳ ውሃና መተማ ዮሐንስ ላይ። ገንዳ ውሃ ላይ ደግሞ መስመሩ አጠገብ ነው።

ጊዜውም ይገኛል። በደጉ ዘመን መተማ ዮሐንስ ጉምሩክ አጠገብ የተሰለፈ መኪና ለሰዓታት፣ አንዳንዴም ለቀናት ይቆማል። ረዳቱ ከተሳቢው ሥር ምንጣፍ ዘርግቶ ይተኛል፤ ሾፌሮች ተሰብስበው ቡና ያፈላሉ፤ ወረቀቱ እስኪያልቅ ይጠበቃል። አውሮፓዊው መኪናውን ሳያቆም ሊሞላ የሚፈልገው ጊዜው ስለሚቃጠልበት ነው። እኛ ዘንድ ቆሞ የሚጠብቀው ሰዓት አስቀድሞ አለ፤ ምንም ሳይሠራበት የሚያልፍ ሰዓት። ሙሉ ሌሊት ለሚቆም ተሳቢ እጅግ ፈጣን መሙያ እንኳ አያስፈልገውም፤ 60 ኪሎ ዋት የሚሰጥ ተራ መሙያ በስድስት ሰዓት 360 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሞላዋል። ያ ከመተማ ገዳሪፍ ደርሶ ለመመለስ ከሞላ ጎደል ይበቃል። ለቸኮለው ደግሞ በቻይና የተለመደውን ባዶ ባትሪ በሙሉ ባትሪ መለወጥን ማሰብ ይቻላል፤ በጥቂት ደቂቃ የሚያልቅ ሥራ ነው።

የገዳሪፍ ሰዎች ስለ ከተማቸው ስም የሚተርኩት አለ። ድሮ የገበያ ቦታ ነበረ፤ ሲመሽ «ጉዳዩን የጨረሰ ይሂድ» እየተባለ ይለፈፍ ነበር፤ ከዚያ አነጋገር ነው ስሙ የወጣው ይላሉ። ትርጓሜው እውነት ይሁን ተረት፣ የዚህን መንገድ ጠባይ በደንብ ይናገራል። ይህ መንገድ የሚቆሙበት መንገድ ነው። ከግመል ዘመን ጀምሮ ጋላባትና መተማ ነጋዴ አድሮ፣ ጉዳዩን ጨርሶ የሚሄድባቸው ናቸው። ማደሪያው ላይ ኤሌክትሪክ ማቆም ለዚህ ልማድ የሚስማማ ነው።

የሁለቱን አገር ስምምነት የሚጠይቅ ነገር መኖሩ አይቀርም። ደስ የሚለው፣ የኤሌክትሪክ ሥርዓታችን ከሱዳን ጋር በ50 ኸርዝ ይገጥማል፤ ባይሆን መስመሩም በቀጥታ አይገናኝም ነበር። መሰኪያው ግን ገና ነው። የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ የገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች አብዛኞቹ ቻይና ሠራሽ ናቸው፤ መሰኪያቸውም የቻይና ነው። አብዛኞቹም ከአዲስ አበባ አይርቁም፤ መሙያው እዚያ ስለሆነ። ገዳሪፍ ላይ ነገ የሚተከለው መሙያ ሌላ ዓይነት መሰኪያ ይዞ ቢመጣ፣ የእኛ ሾፌር ከሙሉ ኃይል አጠገብ ቆሞ ባዶ ባትሪ ይዞ ያድራል። ይህን ከአሁኑ መነጋገር ወጪ የለውም።

እስካሁን የጻፍኩት መንገዱ ክፍት እንደሆነ አድርጌ ነው። እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ተኩስ ሲከፈት በዚህ መንገድ ላይ ከጭነት ይልቅ ሰው መጣ። በአውቶቡስ፣ በፒካፕ፣ በእግር ጋላባትን ተሻግረው መተማ ገቡ። በ2013 ዓ.ም. ከትግራይ የሸሹ ወገኖቻችንን ኡም ራኩባ ላይ የተቀበለው የገዳሪፍ ምድር፣ አሁን ራሱ ከሌላው የሱዳን ክፍል በተፈናቀለ ሕዝብ ተጨናንቋል። ከ2015 ክረምት መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በኩልም ግጭቱ መንገዱን አውኮታል። መተላለፊያው ሲዘጋ ሲከፈት ከርሟል። በ2017 ጥር ወር ደግሞ ከገዳሪፍ ወደ ከሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው የሸዋክ የኃይል ጣቢያ በድሮን ተመትቶ የምሥራቅ ሱዳን ከተሞች ጨለሙ።

ያን ዜና ስሰማ ከሁሉ በፊት ያሰብኩት ስለ መኪና አልነበረም፤ ስለ ገዳሪፍ ሆስፒታልና ስለ ውሃ ፓምፑ ነው። ነገር ግን ለመኪና የምንለምነው ሽቦ ለፓምፑም ያው ሽቦ ነው። ከመስመሩ ኃይል አውርዶ መተማ ላይ ለጭነት መኪና የሚያበቃ ማከፋፈያ ጣቢያ ቢጠናከር፣ በዙሪያው ያለው ጤና ጣቢያና ወፍጮ ቤትም ከዚያው ይጠቀማል። ዛሬ ምሰሶው በደጃቸው አልፎ ሌሊቱን በባትሪ የሚያሳልፉ የገጠር ቤቶች አሉ፤ ከ230 ኪሎ ቮልት መስመር ላይ ያለ ማከፋፈያ ጣቢያ አንድ ቤት እንኳ ማብራት ስለማይቻል። ስለዚህ ጦርነቱ እስኪያልቅ ማሰብን ማሳደር አይገባም ባይ ነኝ። መስመሩ ሲታቀድም ሁሉም ነገር የተመቻቸ አልነበረም። ጥናቱ፣ የመሰኪያው ስምምነት፣ የጣቢያው ቦታ መረጣ፣ የሾፌሮች ሥልጠና ሰላምን ሳይጠብቁ የሚሠሩ ናቸው። መንገዱ ሲከፈት ግን ዝግጁ ሆኖ መገኘት አለበት፤ ያኔ የሚጎርፈው ጭነት የሁለት የሦስት ዓመት ውዝፍ ነው።

ከየት እንደሚጀመር ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። መተማ ዮሐንስ ዋናው መንገድ ዳር፣ ስደተኛም ሾፌርም የሚቆምባቸው ትንንሽ ሱቆች አሉ። መስኮታቸው ላይ ብዙ ቀዳዳ ያለው ማከፋፈያ ተንጠልጥሎ፣ አሥራ አምስት ሃያ ስልክ በየገመዱ ተሰክቶ ይሞላል። በየስልኩ ጀርባ በፕላስተር የተለጠፈ ቁጥር አለ፤ ባለቤቱም ያንኑ ቁጥር በወረቀት ይዞ ይሄዳል። ሱቁ ፊት ለፊት ተሳቢዎቹ ተሰልፈው ቆመዋል።